ለመልካሙ ያስጠናሁት ቃል

ትናንት ከምሳ በኋላ የልጄ ልጅ ቴሌቪዥኑን ስታገላብጥ አንድ የዓረብ ጣቢያ ላይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲያልፍ አየሁና «ተዪው! እዚያው ላይ ተዪው!» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። ወፍራም መነጽር ያደረገ መምህር፣ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ የለጠጠ ዱርዬ ተማሪ፣ የተሰረቀ የአንገት ሀብል፣ ፍርድ ቤት፣ ለቅሶ። ወዲያው አወቅሁት። ወጣት ሳለሁ ካርቱም ውስጥ ጣሪያ በሌለው ሲኒማ ቤት፣ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አልቅሼበታለሁ። መጨረሻው ላይ ተማሪው «ጥፋተኛ ነኝ» ይላል፤ መምህሩ ከሕዝቡ መካከል ይነሣና «ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ እኔን እሰሩኝ» ይላል፤ ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ልጁ ነፃ ይወጣል። «አባባ፣ ጥሩ ፊልም ነው?» አለችኝ። «ውሸታም ፊልም ነው!» አልኩና ሪሞቱን ወረወርኩት። ባትሪዎቹ ሶፋ ሥር ገቡ። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ የግፊት መድኃኒቴን ወስጄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወስጃለሁ። እኔን የሚያነደኝ ነገር ኪኒን የለውም።

ካርቱም ስል ዛሬ በዜና የምታዩዋትን፣ የተቃጠለችውን ማለቴ አይደለም። የእኔዋ ካርቱም ሐፍላ የሚሏቸው አውቶቡሶች ሰው በበራቸው ተንጠልጥሎ ከቡሪ ሰፈር እስከ ሱቅ አረቢ ገበያ በአንድ ሪያል የሚያደርሱባት ናት። ሪያል ማለት እዚያ አሥር ግርሽ ነው። አንድ ሳህን ፉል በሰሊጥ ዘይት ለአራት ይበላል፤ ዳቦ ግን ተሰልፈህ ነው፣ ስኳርም ተሰልፈህ፣ ቤንዚንማ መኪና ውስጥ አድረህ። ወንዱ ነጭ ጀለቢያ፣ ሴቱ ባለ ቀለም ቶብ፣ እኛ ሐበሾቹ ደግሞ እግራችን ላይ ሰፊንጃ የሚሏት የላስቲክ ነጠላ ጫማ። እኔ ግን መምህር ነኝና ሱቅ አረቢ ያሰፋሁት ቡናማ ሳፋሪ ልብስ ነበረኝ፤ በፍራሼ ሥር አስተኝቼ እተኩሰው ነበር። በየሻይ ቤቱ የአማርኛ ካሴት ይጮኻል፤ ግማሹን ቃል ሳያውቁ ሱዳኖቹ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ደግ ሕዝብ ነው። ክፉ ነገር የምናገረው ስለ እነሱ አይደለም፣ ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

እኛ ከራሳችን አብዮት ሸሽተን የሰው አብዮት ላይ የደረስን ሰዎች ነን። ቡሪ ውስጥ ሐጅ ዑስማን የሚባል ሰው ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል አከራይቶኝ፣ ፊት ለፊቱ በሣርና በእንጨት ዳስ ሠርቶልኝ፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ እንግሊዝኛና ሒሳብ አስተምር ነበር። ወንበር የለም፤ ተማሪዎቹ አንገረብ ላይ፣ በገመድ የተጠለፈው አልጋ ላይ ማለቴ ነው፣ ስድስት ስድስት ሆነው ይደረደራሉ። ቀን ጡብ ሲሸከሙ፣ ሰው ቤት ልብስ ሲያጥቡ ውለው የሚመጡ ናቸው። ሁሉም መሄድ ይፈልጋል፤ ወዴት እንደሆነ ግን የሚያውቀው የለም። እኔን «ቲቸር» ይሉኛል፣ ሐጁ በዓረብኛ «ያ ኡስታዝ»፣ መምህር ሆይ ይለኛል፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ እንዲህ ስባል ልቤ አብጦ ደረቴን ሊቀድደው ይደርስ ነበር።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ያስቸገረኝ መልካሙ ነው። ከጎንደር በመተማ በኩል በእግሩ የገባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ ከድልድዩ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር አንድ የብረት በር የሚሠሩበት ጋራዥ ብየዳ የሚበይድ ልጅ። ክንዱ ሁሉ በእሳት ፍንጣሪ የተነቆረ ነው። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ አረቄ ሸትቶ ይመጣል፣ ሲፈልግ አይመጣም። ጥያቄ ስጠይቀው በጥያቄ ይመልሳል። አንድ ጊዜ የጓደኛውን ብስክሌት ሳያስፈቅድ ወስዶ አርካዊት ሰፈር ያለች ልጅ ሊያይ ሄደና ቸርኬውን አጣሞ መለሰው። ቸርኬውን በማግስቱ ራሱ አቀናው፤ ስሙን ግን የሚያቀናለት አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶ ሲጠፋ ሁሉም ዞሮ እሱን ያያል። እኔም አይ ነበር።

ያን ፊልም ያሳየሁት እኔ ነኝ። ደመወዝ ባገኘሁ ሰሞን አምስት ተማሪ ይዤ ሄድኩ፤ እሱን የጨመርኩት ይማርበታል ብዬ ነው። በዓባይ ዳር በእግር ስንመለስ ሌሎቹ ዓይናቸው ቀልቷል፣ እኔም አፍንጫዬን እየጠራረግሁ ነው። መልካሙ ብቻ ድንጋይ እየመታ ይሄዳል። «ቲቸር፣ ዳኛ ያለቅሳል እንዴ?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁበት። «ሕሊና ያለው ዳኛ ያለቅሳል» አልኩት። ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ ሞኝ ነገር አስተምሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላስተማርኩም።

ፊልሙን ካየን ወር ሳይሞላ የሐጅ ዑስማን ቴፕ ጠፋ። ወንድሙ ከጅዳ ያመጣለት፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ያለው፣ አብረቅራቂ ቴፕ ነው፤ የሚቀመጠው ተቆልፎ በሚውል ክፍል ነው። የዚያን ክፍል የመስኮት ፍርግርግ ከሳምንት በፊት የበየደው ደግሞ መልካሙ ነበር። ሐጁ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ዳሱ መጣና፣ ራሱ የሰረቀ ይመስል መሬት መሬት እያየ «ያ ኡስታዝ፣ ልጆችህን በቀስታ ጠይቅልኝ። ፖሊስ አልፈልግም» አለኝ። ሚስቱ አራስ ዘመዴን ልጠይቅ ብላ ወደ መዳኒ ከተማ ከሄደች ሰንብታለች፤ ብቻውን ነው የነበረው።

አሁን እዚህ ላይ ነው የምናደደው። «ጠይቅልኝ» ነው ያለኝ ሰውዬው። እኔ ማንንም አልጠየቅሁም። በቀጥታ አቶ ደስታ ዘንድ ሄድኩ። አቶ ደስታ አገር ቤት የአጥቢያ ዳኛ የነበሩ፣ ከቡሪ እስከ አርካዊት የተጣላ ሐበሻ ሁሉ እሳቸው ዘንድ የሚታረቅ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን፣ ፍርግርጉን መልካሙ መበየዱንም ጭምር ስነግራቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ አስደግፈው «ቀላል ነው» አሉኝ። «ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ የሐጁ እግር ላይ ይውደቅ፣ ሰውዬው ይማረው፣ ነገሩ ይብረድ።»

«አላደረገው ይሆናል እኮ» አልኩ፤ ይህን ማለቴ እንኳ ይያዝልኝ።

«አደረገ አላደረገ ምን ያደርጋል? ይቅርታ መጠየቅ ማንንም ገድሎ አያውቅም።»

በእኛ ደንብ እውነት ነው። ሰው የሚወድቀው አጥፍቶ ብቻ አይደለም፤ ታላቁን ለማክበር፣ ቂም ለማብረድ፣ ለሰላም ሲልም ይወድቃል። ሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ማለት ወግ ነው፤ ይቅር ይባላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያልቃል። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይላሉ አባቶች። እኛ ግን የሰው አገር ሠርዶ ላይ የራሳችንን በሬ ጠመድን። በዚያ ዓመት ካርቱም አዲስ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ከተቆለፈ ቤት የሰረቀ ቀኝ እጁ ይቆረጣል። ይህን ሬዲዮ ሲያወራ እየሰማን፣ ሱቅ አረቢ ላይ እጃቸው በፋሻ የተጠቀለለ ሰዎች እያየን ነው እንግዲህ! ግን ሕጉ ለእኛ ነገር የመጣ አልመሰለንም። ሐጁ ፖሊስ አልፈልግም ብሏል፣ እኛ ደግሞ ሽማግሌ ይዘናል፣ ምን ይመጣል?

መልካሙን ጠራሁትና ዳሱ ውስጥ አስቀመጥኩት። የሚለውን በዓረብኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በፊደላችን ጻፍኩለት፦ «አና ገልጣን። አና ሺልተ አል-ሙሰጂል። ሳሚሕኒ።» ተሳስቻለሁ፣ ቴፑን ወስጃለሁ፣ ማረኝ።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል! ይህን ካልክ ያልቃል።»

«እኔ ግን ይሄን ነገር...»

«መልካሙ! እኔ ነኝ የምነግርህ። እኔን ታምነኛለህ አታምነኝም?»

የተነቆረ ክንዱን አሻሸ። ከዚያ «እርስዎ ካሉ እሺ» አለና ሦስት ጊዜ ደገመው። ሁለተኛው ላይ አነጋገሩን አረምኩት። በዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም፤ ጎሽ ብዬ ራሱን ዳበስኩት። ወስደሃል ወይ ብዬ ግን አልጠየቅሁትም። ሰምታችኋል? ከዚያች ሰዓት በፊትም በኋላም ከእኛ መካከል አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «መልካሙ፣ ወስደሃል?» ብሎ አልጠየቀውም።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሄድን። መልካሙ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ሲንበረከክ ሐጅ ዑስማን ጮኸ፤ እንደዚህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ድንጋዩን በገዛ እጁ አንሥቶ ጣለ። መልካሙ ቃሉን አንድም ሳይስት አለ። ሐጁ አቅፎት አለቀሰ። «ኸላስ፣ ኸላስ ያ ወለዲ! ሙሳመሕ! በቃ ልጄ፣ ምሬሃለሁ!» አለው። አቶ ደስታ ጢማቸውን እያሻሹ ወደ እኔ ጠቀሱ። እኔም ራሴን እንደ ፊልሙ መምህር አየሁት፤ እንባዬ መጣ። ከዚያ በትልቅ ትሪ ፈታ ቀረበ፣ ዳቦው በመረቅ የራሰ፣ ሥጋና ሩዝ ከላይ።

ትሪው ዙሪያ የጎረቤት እንግዳ የነበረ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ከእኛ ጋር እየበላ፣ እየሳቀ። ፖሊስ መሆኑን አላወቅንም። ከመልካሙ ፊት ሥጋ እየቆረሰ እያኖረለት «ከተቆለፈው ክፍል ነው የወሰድከው? በራስህ እጅ?» አለው በወዳጅ ድምፅ። መልካሙ እሱን አላየም፤ እኔን ነው ያየው። እኔ በጭንቅላቴ «በል» አልኩት። «አይዋ» አለ። አዎ ማለት ነው። ሰውዬው እጁን ታጠበ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ፣ ሻዩ ሳይቀዳ ሁለት መለዮ ለባሽ ይዞ ተመለሰ። ሐጁ በሩ ላይ ቆሞ «ንብረቱ የእኔ ነው! ምሬዋለሁ!» እያለ ይጮኻል። ፖሊሱ አላመናጨቀውም። «ማዓሌሽ፣ አዝናለሁ ያ ሐጅ። እኛ ጆሮ ሳይደርስ ያንተ ነበር፤ አሁን የሕጉ ነው» አለው። አቶ ደስታ ከዘራቸውን ይዘው በጓሮ በር ወጥተው ሄደዋል። የእኔ እግር አልተነቃነቀም፤ እንደ ጀግና እንዳታዩኝ፣ ፈርቼ ነው።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ እኔ ከግቢው ውጪ ነበርኩ፤ ከሎሚ ጭማቂ ሻጩ ጋሪ ጀርባ። መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል፤ በዚያ ሰሞን ከሻ ነበር፣ ወረቀት የሌለውን ከየመንገዱ የሚያፍሱበት። ዳኛው በአስተርጓሚ «ሰው ሳያስገድድህ በሰዎች ፊት አምነሃል?» ብሎ ጠየቀው አሉ። መልካሙ «አዎ፣ ቲቸሬ ባሉበት» አለ። ይቅርታው እስካሁን ያላለቀ መስሎት ነበር፤ እስከ መጨረሻው በደንብ ካለው የሚለቁት መስሎት! ቀኝ እጁ እንዲቆረጥ ተፈረደበት። ውሳኔው በላይኛው ዳኛ እስኪጸድቅ ባሕሪ ያለው እስር ቤት አስገቡት። ያለቀሰ ዳኛ አልነበረም።

የሐጅ ዑስማን ሚስት ከመዳኒ የተመለሰችው ከዚህ በኋላ ነው። «የምን ሌባ?» አለች። «ቴፑን ይዤው ሄጄ ለእኅቴ ለሠርግ አውሼያት ነበር እኮ! ይኸው መልሼዋለሁ።» ሐጁ ቴፑን ተሸክሞ፣ ጀለቢያው ላብ ጠጥቶ፣ እየሮጠ ዳሱ ውስጥ ገባ። ተማሪዎቹ ፊት ጥቁር ሰሌዳው ሥር አስቀመጠው። ያ ቃል ከነጠመኔው ገና አልጠፋም ነበር።

«ያ ኡስታዝ፣ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር» አለኝ። «ሚስቴንም ቴፑንም ይዤ። ልጁ አምኗል ይላሉ። ግን አንድ ሰው መጥቶ 'ያስጠናሁት እኔ ነኝ፣ የአገራችን ወግ ነው' ብሎ ከማለ የእምነት ቃሉ ይፈርሳል ብለውኛል። እሱ ሰው አንተ ነህ። ያላ፣ እንሂድ፤ መኪና አቁሜያለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩት። «ነገ።»

ነገ! በዚያ አገር ይህ ቃል ስንት ጥሩ ሰው ሲጠቀምበት ኖሯል፤ እኔ አረከስኩት። ከካርቱም ወደ ሌላ አገር የሚወስደኝ የስደተኛ ፋይል ነበረኝ፤ ስሜ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ «እስኪጠሩህ ድረስ ከፖሊስ ራቅ» ተብያለሁ። ፍርድ ቤት ገብቼ መታወቂያ ቢሉኝስ? አንተም አብረህ ዋሽተሃል ቢሉኝስ? በማግስቱ ሐጁ ሲመጣ አሞኛል አልኩት። በሦስተኛው ቀን አርካዊት ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ተደበቅሁ። ልጁ እጁን ሊያጣ ነው፣ የእኔ ደግሞ ስም ነው፣ ወረቀት ላይ ያለ ስም። መዝኑት እስቲ! እኔ መዝኜ ነው የተደበቅሁት። ያ ዝርዝር በነገራችን ላይ ሳይጠራ ቀረ፤ ስሜ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ከተማው ተነሣ። ስለ ፖለቲካው ሌላ ይጻፈው። እኔ የማውቀው ዳቦው ጨርሶ ጠፋ፣ ሐኪሞቹ ሥራ አቆሙ፣ ባቡሩ ቆመ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ፍርድ ቤቱም ተዘጋ። ልጃገረዶች ቶባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጎማ ያንከባልላሉ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ እኔ ሸምግዬ አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ የእነዚያ ልጆች ልጆች እንደገና አደባባይ ሲወጡ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ ያው ሳቅ፣ ያው ጭብጨባ፣ ያው ባዶ እጅ። ያኔም አሁንም ሰዉ ጥይት እየተተኮሰበት ይወጣ ነበር። እኔ አርካዊት ምን አደረግሁ? ሬዲዮ አዳመጥኩ። ወታደሩ ከሕዝቡ ጋር ሆኗል፣ አሮጌው መንግሥት ወድቋል ብሎ ሬዲዮው ሲያውጅ ሳፋሪ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሕዝቡ በድልድዩ ላይ ወደ ባሕሪ፣ ወደ እስር ቤቱ ይጎርፋል፤ የፖለቲካ እስረኞቹን ሊያስፈታ። እኔም ከሁሉ በላይ እየጮኽኩ አብሬ ሄድኩ። የምጮኸውን ግማሹን ትርጉሙን አላውቀውም። በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ፖለቲከኛውን ከሌባው ማን ይለያል? ሁሉም ወጣ፤ እየሮጠ፣ እየሰገደ፣ እየተቃቀፈ። በዚያ መካከል መልካሙን አየሁት። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። ፊቱን ያየሁት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። አለ። አምስቱም ጣት አለ።

ሮጬ ሄጄ አቀፍኩት። አላቀፈኝም፤ እንደ እንጨት ቆመ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን መልካሙ!»

«ሐጅ ዑስማን በየሳምንቱ ይመጣ ነበር» አለኝ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። «ሁሉን ነግሮኛል። እርስዎ ነገ ይመጣሉ ይለኝ ነበር። እየጠበቅሁ ነበር።»

«ወረቀት አልነበረኝም እኮ፣ ልጄ። ቢይዙኝ...»

«እኔስ ነበረኝ ወይ፣ ቲቸር?»

የማውቀውን አደረግሁ። ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬን ይዞ ቀና አደረገኝ፤ የብየዳ ሠራተኛ ክንድ ነው፣ አልታገልኩትም።

«ይተዉ» አለኝ። «ይቅር አልልዎትም።»

«ልጄ...»

«እኔን ሐጁ ይቅር ብሎኛል፤ ያውም ባላጠፋሁት። ምን አደረገልኝ? እርስዎን ይቅር ብል ዛሬ ማታ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛሉ። እኔ እጄን እያየሁ ስንት ሌሊት ነጋብኝ።»

ከዚያ «ደህና ይሁኑ» ብሎኝ ወደ ሕዝቡ ገባ፤ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ባሕሪ ጋራዡ አልተመለሰም። ተሰደደ የሚል ሰምቻለሁ፣ ሞተ የሚልም ሰምቻለሁ፤ ማመን የምፈልገውን አምናለሁ።

እዚያው እንደቆምኩ አንድ ረጅም ሱዳናዊ ወጣት፣ ከጩኸት ብዛት ድምፁ የተዘጋ፣ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። መልካሙን ሳቅፈው፣ እሱም ቀና ሲያደርገኝ አይቷል፤ የተባባልነውን ግን አልሰማም። «ልጅህ ነው?» አለኝ።

«ተማሪዬ ነው» አልኩ።

«ተማሪው ነው!» ብሎ ዞሮ ለጓደኞቹ ጮኸ። «ኡስታዙ ናቸው! ተማሪያቸውን ሊያስፈቱ መጥተው ነው! መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለዎት ያ ኡስታዝ!» ከየት እንደመጡ ያላየኋቸው አሥር ክንዶች ከመሬት አነሡኝ። የሳፋሪ ልብሴ ቁልፍ ተበጠሰ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ አንዲት እናት ከታች ሆና የለበስኩትን ጨርቅ ነክታ ጣቷን ሳመች። ድልድዩን አልፈን እስከ ካርቱም ድረስ በትከሻቸው ተሸክመውኝ ሄዱ። እኔም እጄን እያወዛወዝኩ ሄድኩ፤ አውርዱኝ አላልኩም።